ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለሚሄድ ቤተሰብ የአምስት ሰዓት ዘፈን አሰናዳድ

አምስት ሰው በአንድ መኪና ወደ ሐዋሳ ይሄዳል እንበል። አባት መሪ ላይ፣ እናት ጋቢና፣ ከኋላ አያትና ሁለት ልጆች። ዘፈን ሳይሰናዳ ከተነሱ የሚሆነው የታወቀ ነው። ቃሊቲ ሳይደርሱ ትልቁ ልጅ ስልኩን በብሉቱዝ ያገናኛል፤ አንዱም ዘፈን ግማሽ ሳይደርስ ይቀየራል፤ አያት «ኧረ እባካችሁ ዝጉት» ይላሉ፤ ሾፌሩም አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ቴፑን መነካካት ይጀምራል። ችግሩ የዘፈን ማነስ አይደለም። ሁለት ሺህ ዘፈን የተጫነበት ፍላሽ ያለው መኪና ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ዘፈኑ በመንገዱ ልክ ተለክቶ፣ ተራው ታውቆ ከዋዜማው ማታ መሰናዳት አለበት። ሥራው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሂሳቡ

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳ ቤተሰብ ከቤት እስከ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር 45 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ ሞጆ መውጫ 40፣ ከሞጆ እስከ ባቱ (ዝዋይ) በአዲሱ ፈጣን መንገድ 60፣ ከባቱ በአርሲ ነገሌ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ 105፣ ሻሸመኔን አቋርጦ ሐዋሳ እስኪገባ ሌላ 40 ደቂቃ ይዞ ቢነሳ አያፍርም። ድምሩ 290 ደቂቃ ይመጣል። የቁርስና የሽንት ቤት ማረፊያ ከዚህ ውጭ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቴፑ ይዘጋል።

የእኛ አገር ዘፈን ረዘም ይላል። አንዱን በአማካይ አምስት ደቂቃ ተኩል ብንይዘው 40 ዘፈን 220 ደቂቃ ይወስዳል። የቀረውን 70 ደቂቃ በዘፈን አይሙሉት፤ 45ቱ ለጨዋታና ለተረት፣ 25ቱ ለዝምታ ይሁን። ዝምታው ትርፍ ነገር እንዳይመስልዎ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ ሲዘፈን ቆይቶ ሦስተኛው ላይ ሰው የሚነጫነጨው በዘፈኑ ምርጫ ሳይሆን በጆሮ ድካም ነው።

40 ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስምንት ዘፈን ይደርሰዋል። ለስምንት ዓመት ልጅም ስምንት፣ ለአያትም ስምንት፣ ለሾፌሩም ስምንት። «እኔ ምንም አልመርጥም፣ እናንተ ደስ ያላችሁን» የሚሉ ወላጅ ሁልጊዜ ይኖራሉ፤ እሺ ብለው አይለፏቸው። የሠርጋቸው ዕለት የተዘፈነውን፣ ወጣት ሳሉ ሬዲዮ ላይ የሚጠብቁትን ይጠይቁና ስምንቱን አብረው ይሙሉ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፦ አንደኛ፣ የሌላው ሰው ዘፈን ሳያልቅ አይቀየርም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው በጉዞው ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ «ይህን አሳልፉልኝ» ማለት ይችላል። አንድ ብቻ መሆኑን ሲያውቅ ሰው ይቆጥበዋል፤ ብዙዎች ሳይጠቀሙበት ሐዋሳ ይገባሉ።

ከምርጫው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ማንሳት ያስፈልጋል፦ መኪናው ውስጥ ዘፈን የማይሰማ ሰው አለ? ጉዞው በጾም ወቅት ከሆነ ወይም ከተሳፋሪው አንዱ ዘፈን የተወ ከሆነ ይህን ሞጆ ላይ ከማወቅ ቤት ውስጥ ማወቅ ይሻላል። መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ነሺዳ ለብቻው በአንድ ፎልደር ይቀመጥ እንጂ ከጭፈራ ዘፈን መሀል አይሰካ። አንዱ ቤተሰብ ውስጥ ሁለትና ሦስት እምነት ካለ የሚያስታርቀው ክላሲካሉ ነው፤ ዋሽንት፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ የመሰለ ግጥም የሌለው ሙዚቃ። በገናን ግን እዚህ አይጨምሩት። በገና ለጸሎትና ለጾም የሚደረደር ነው፤ ከሳክስፎን ቀጥሎ ሲመጣ አያትን ያስቀይማል።

ፍላሹ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ተማምኖ መነሳት አይቻልም፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ኔትወርኩ አንዴ አለ አንዴ የለም፤ ዘፈን መሀሉ ላይ ቆሞ እየተሽከረከረ ከሚጠበቅ ባይጀመር ይሻል ነበር። ብሉቱዝም ቢሆን የስልኩ ባለቤት በተደወለለት ቁጥር ሙዚቃውን ያቋርጣል፤ የአክስት ምሥጢር በስፒከር ተሰምቶ ያውቃል። የግድ ብሉቱዝ ከሆነ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ብሉቱዙን ብቻ መክፈት ነው።

ፍላሽ ሲገዙ 64 ጊጋ አያስፈልግዎትም። 40 ዘፈን በ192 ኪሎቢት ጥራት ቢጫን ወደ 320 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ትልቁን ፍላሽ የሚያስተወው ሌላም ምክንያት አለ። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ኤክስፋት በሚባለው አደራደር ነው፤ ብዙ የመኪና ቴፕ ደግሞ የሚያነበው ፋት 32ን ብቻ ነው። ፍላሹ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ መኪናው ላይ «ፋይል የለም» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። 8 ወይም 16 ጊጋ ይግዙ፣ ኮምፒውተር ላይ ፋት 32 ብለው ፎርማት ያድርጉት፣ ያልቃል። ኮምፒውተር ከሌለ በኦቲጂ ገመድ ስልክ ላይ ሰክቶ መጫን ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር የፋይሉ ዓይነት ነው። ከቴሌግራም የወረደው ዘፈን ኤም ፎር ኤ ወይም ኦፐስ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ የተሠራ ቴፕ ኤምፒስሪ ካልሆነ ዘሎት ያልፋል። የፋይሉን ስም መጨረሻ ኤምፒስሪ ብሎ መጻፍ ፋይሉን ኤምፒስሪ አያደርገውም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማለፍ አለበት። የአንድ ሰዓት ሚክስ በአንድ ፋይልም አይጫኑ። ለቁርስ ቆመው ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አንዳንዱ ቴፕ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል፤ ሞጆ ላይ የሰሙትን ባቱ ላይ መልሰው ይሰማሉ።

የፋይሉን ስም በግዕዝ ፊደል ከጻፉት ብዙ ቴፕ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይታያል። ስለዚህ በቁጥር ይጀምሩ፦ 001፣ 002፣ 003። ከዚያ የዘፋኙን ስም በላቲን ፊደል አጠር አድርጎ መጨመር ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ተራውን አያስጠብቅም። ብዙ ቴፕ የሚያጫውተው በስም ተራ ሳይሆን ፋይሎቹ ወደ ፍላሹ በተገለበጡበት ተራ ነው። ሁሉንም በአንዴ መርጦ መጎተት ተራውን ሊያዛባው ይችላል፤ 40 ዘፈን ብዙ አይደለም፣ አንድ በአንድ ይገልብጧቸው። አምስት ፎልደር ይኑር፣ እያንዳንዱ ለአንድ የመንገድ ክፍል። ከአፕል ኮምፒውተር ከገለበጡ ደግሞ በነጥብ የሚጀምሩ የተደበቁ ትናንሽ ፋይሎች አብረው ይገባሉ። ቴፑ ዘፈን መስለውት አንድ ሁለት ሰከንድ ዝም ብሎ ያልፋል ወይም ስህተት ይላል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማጥፋት ነው።

የድምፅ ከፍታ ነገርም አለ። ከድሮ ካሴት ወይም ከሸክላ የተገለበጠ ዘፈን ዝቅ ያለ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ተጨምቆ የተለቀቀ። የ1960ዎቹን ለመስማት ከፍ የተደረገ ቴፕ ቀጥሎ የዛሬ ዓመቱን ሲለቅ የተኛ ሕፃን ይነሳል፣ ሾፌርም ይደነግጣል። ኤምፒስሪጌይን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ አንድ ከፍታ ያመጣል። 40ውን ፋይል ያስገቡ፣ ከፍታው ሲከፈት ባለበት 89 ዴሲቤል ላይ ይቆይ፣ ከዚያ «ትራክ ጌይን» የሚለውን ይምረጡ። «አልበም ጌይን» የሚለውን አይንኩ፤ እሱ በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት እንዳለ ይተወዋል፤ እኛ ደግሞ ማጥፋት የምንፈልገው ያንኑ ልዩነት ነው። የድሮ ካሴት ከፍ ሲል ሽሽታውም (ሽሽሽ የሚለው ድምፅ) አብሮ ከፍ ይላል፤ ትሬብሉን፣ ማለትም የቀጭኑን ድምፅ ማስተካከያ፣ አንድ ሁለት ነጥብ ቀነስ ማድረግ ይበቃል። ሽሽታው ጨርሶ እንዲጠፋ የሚታገል ሰው የዘፋኙንም ትንፋሽ ያጠፋዋል።

ፍላሽ ላይ ዘፈን በጅምላ የሚጭኑ ሱቆች አሉ። አንዱ ዘፈን ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ ሌላው መሀሉ ላይ የዲጄ ስም እየተጮኸበት፣ ሦስተኛው ግማሹ ተቆርጦ ይመጣል፤ ለዘፋኙም ከዚያ ምንም አይደርሰው።

ዘፈኑን በመንገዱ መደርደር

በየፎልደሩ ውስጥ የአንድ ሰው ዘፈኖች ተከታትለው አይቀመጡ። በአምስት በአምስት ዙር ይደርድሯቸው፤ በእያንዳንዱ ዙር ከሁሉም ሰው አንድ አንድ። እንዲህ ሲሆን ማንም የራሱን ለመስማት ከግማሽ ሰዓት ዘፈን በላይ አይጠብቅም፤ ትንሹ ልጅ የመጀመሪያው ዙር መጀመሪያ ላይ ይሁን። የሁለት ዘፈን ተራ ቢዛነፍ ማንም አይቆጥርም፤ ፎልደሮቹን ከመንገዱ ጋር ማስማማት ግን ዋናው ነው።

የመጀመሪያው ፎልደር ከቤት እስከ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አምስት ዘፈን ይበቃዋል። ጠዋት ነው፣ ከተማ ነው፣ ሾፌሩ በሚኒባስና በእግረኛ መካከል ነው። ለስለስ ያለ፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ይሁን። ሬዲዮ የሚወድ ቤተሰብ ለዚህ ክፍል ፍላሽ ባይጠቀምም ይችላል፤ ሸገር 102.1ም ሆነ ሌላው የአዲስ አበባ ኤፍኤም እዚህ በደንብ ይገባል። ከቢሾፍቱ በኋላ ግን መሳሳት ይጀምራል፤ የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታ ሲጋርደው አይጠመዘዝም።

ፈጣኑ መንገድ ላይ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሞጆ፣ ሰባት ዘፈን። የሚጨፈርበት ቦታ ይኸ ነው፤ ጉራጌኛው፣ ጎጃምኛው፣ ወሎኛው፣ የልጆቹ አፍሮቢትና አማፒያኖም። ልጆች የቲክቶኩን አሥራ አምስት ሰከንድ እንጂ ዘፈኑን ሙሉ ሰምተውት አያውቁም፤ እስከ መጨረሻው ማስጨረስ ራሱ ጨዋታ ነው። ሲጨፈር ቀበቶ አይፈታም። እስክስታ የሚፈልገው ትከሻ ነው፤ ቀበቶ በወገብ፣ በደረትና በአንድ ትከሻ ላይ ቢያልፍም ትከሻን ከመነቅነቅ አያግድም። ለሾፌሩ ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ችክችካ እየፈጠነ ሲሄድ እግርም ነዳጁ ላይ ይከብዳል፤ ጋቢና የተቀመጠው ሰው በየዘፈኑ መሀል የፍጥነት መለኪያውን አንድ ጊዜ ቢያይ ጥሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ባቱ ወደ 1,650 ሜትር ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል። ያኔ «ድምፁ ቀነሰ» ብሎ ቴፑን ከፍ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ቆይቶ ጆሮ ሲከፈት ያስጮኻል። ልጆቹ ማስቲካ ያኝኩ ወይም ውሃ ይጎንጩ፤ ድምፁ በራሱ ይመለሳል።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው አንድ ሰዓት ስምንት ዘፈን ይይዛል፤ የተረፈው ሩብ ሰዓት የዝምታ ነው። ይህን ለአያትና ለወላጆች ዘመን ይስጡት፤ ለጥላሁንና ለብዙነሽ፣ ለካሴት ዘመን ባንዶች። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራ ቀኙ ሜዳ ነው፤ ለወሬ ይመቻል። አንድ ዘፈን ሲያልቅ ቴፑን አቁሞ «ይህ ሲወጣ የት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ልጆች በትምህርት ቤት የማያገኙትን ያመጣል። አራቱን ቅኝትም እዚህ ማለማመድ ይቻላል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል ወሎ ውስጥ ያሉ ቦታዎች ስም መሆናቸውን የሰማ ልጅ ቀጥሎ የራሱን ሰፈር ስም ቅኝት ማድረግ ይፈልጋል።

ትዝታ ግን ልክ አለው። ሁለት ተከታታይ ትዝታ ከቁርስ በኋላ፣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት በመስኮት እየገባ፣ ሾፌር ያስተኛል። ከምግብ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ትዝታ አይኑር።

ከባቱ በኋላ አሮጌውን መንገድ ሲይዙ ነገሩ ይለወጣል። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጥባቸው የመንገድ ዳሮች። እዚህ የሾፌሩ ጆሮ ያስፈልጋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከኋላ ያለው ሰው በተለመደው ድምፁ ሲናገር ሾፌሩ ዞር ሳይል ከሰማ፣ የውጭ ክላክስም ይሰማዋል። ካልሰማ ቴፑ ይቀነስ። ፎልደሩ 13 ዘፈን ነው፤ ግን በተከታታይ አይደለም፣ ከ45ቱ የጨዋታ ደቂቃ አብዛኛው ከማረፊያው ውጭ እዚሁ ክፍል መሀል ነው የሚወድቀው። የኦሮምኛ ዘፈኖች እዚህ ቢበዙ ያምራል፤ አሊ ቢራን ከላንጋኖ ዳር መስማት ሌላ ነው።

ሻሸመኔ ሊገቡ አሥር ደቂቃ ሲቀራቸው ሁለት ሬጌ ይሰማ፤ በአዲስ አበባ በኩል ሲገቡ ጃማይካ ሰፈር መግቢያው ላይ ነው። «ለምን እዚህ?» የሚል ልጅ መልስ ይገባዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙ ከባሕር ማዶ ያሉ ጥቁሮች አፄ ኃይለ ሥላሴ መሬት የሰጡት እዚህ ነው፤ ራስ ተፈሪያኑ የመጡት ያን ይዘው ነው። ቦብ ማርሌይ ራሱ በ1978 እ.ኤ.አ. መጥቷል፤ 60ኛ ዓመት ልደቱም በ2005 እ.ኤ.አ. መስቀል አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት ተከብሯል። ከሻሸመኔ ሐዋሳ ላለው የመጨረሻ ክፍል ሰባት ዘፈን፣ ቢያንስ አንዱ ሲዳምኛ።

የጨዋታው 45 ደቂቃ

እንቆቅልሽ ለመኪና የተፈጠረ ይመስላል። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ይባባሉና፣ ያላወቀው አገር ይሰጣል። የመኪናው ሕግ አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል፦ የሚሰጠው አገር በዚህ መንገድ ላይ ያለ ይሁን። ጎንደርና ሐረር አይሰጥም። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ሲሸነፉ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና መቂ ያልቁባቸዋል፤ ቡልቡላንና ኩየራን ከመንገድ ምልክት ላይ እያነበቡ መፈለግ ይጀምራሉ።

ሌላው ጋቢና ያለው ሰው ከስልኩ የዘፈን መግቢያ አምስት ሰከንድ አሰምቶ ማስለየት ነው። ዘፋኙን ላወቀ 1 ነጥብ፣ ርዕሱንም ላወቀ 2። አሮጌና አዲስ እያፈራረቁ ካልጠየቁ አንዱ ትውልድ ይደበራል። በትንፋሽ መሣሪያ የሚጀምሩት የድሮዎቹ ቶሎ ይለያሉ፤ በኪቦርድ ብቻ የተቀናበሩት መግቢያቸው ስለሚመሳሰል ለመጨረሻ ዙር ያቆዩአቸው።

ተረት ከሆነ ቴፑ ተዘግቶ በአያት አፍ። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ያወሩትን ወላጆቹ ያስታውሱታል፤ እየተጋገዙ አንዱን ቢያወሩት ይሆናል። ልጅ እንቅልፍ ከያዘው የቴፑን «ፌደር» ወደ ፊት ይግፉት፤ የኋላው ስፒከር ዝም ይልና ዘፈኑ ፊት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህ ቁልፍ መኖሩን አያውቅም።

ቴፑ ፍላሽ የማይቀበል ከሆነ

ከጃፓን የመጡ እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ከነዋናው ሬዲዮናቸው ከሆኑ ኤፍኤሙ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚደርሰው። ሸገር 102.1 ላይ ሲፈለግ የሚጠፋው ሬዲዮው ተበላሽቶ አይደለም። ሲጋራ መለኮሻ ላይ ተሰክቶ ዘፈኑን በኤፍኤም ወደ ሬዲዮው የሚልከው ትራንስሚተር ግን ይሠራል፤ ትራንስሚተሩም ሬዲዮውም የሚጋሩት ከ87.5 እስከ 90 ያለውን ነውና እዚያ መሀል ባዶ ቦታ ፈልጎ ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው። መንገድ ላይ ሌላ ጣቢያ ከገባበት ሁለት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት። ይህን የሚያደርገው ጋቢና ያለው ሰው ነው፣ ሾፌሩ አይደለም። በአንድ መለኮሻ ላይ ሦስት አራት ቻርጀር በማከፋፈያ መሰካት ፊውዝ ያቃጥላል፤ አንድ ትርፍ ፊውዝ ክሩስኮቱ መሳቢያ ውስጥ ቢኖር አይከፋም። ስልኩን ግን ክሩስኮቱ ላይ አይተዉት፤ ላንጋኖ ፀሐይ ሲመታው ግሎ ራሱን ያጠፋል።

ላንጋኖ ዳር ቆሞ በር ከፍቶ ዘፈን መልቀቅ የሚወድ ቤተሰብ ባትሪውን ያስብ። ሞተሩ ጠፍቶ ቴፑ ከፍ ብሎ ሲጫወት የትንሽ መኪና ያረጀ ባትሪ ሁለት ሰዓት ላይቆይ ይችላል። በየ40 ደቂቃው ሞተሩን አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም የሚሻለው የብሉቱዝ ስፒከር ቤት ሳይረሱ ይዞ መምጣት።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣው ሲቀርብ ፍላሹን ከቴፑ ነቅለው ኪስዎ ያድርጉት፤ መኪና አጣቢ ልጆች ሲያጥቡ አብሮ የሚጠፋው እሱ ነው። ለመልሱ ያንኑ ፍላሽ ይጠቀሙ፤ ግን በሦስተኛው ፎልደር ይጀምሩ። ሁሉም ደክሟል፣ ፀሐዩ በግራ በኩል ነው፣ ከሞጆ ወደ ላይ ደግሞ ዳገት ነው። የጭፈራውን ፎልደር ማንም እስካልጠየቀ ድረስ አይክፈቱት።